ጎሉ ፊት ያለው ሣር

ወረቀቱን ያገኘችው ማክሰኞ ጠዋት ቤት ስትጠርግ ነው። ከበሩ ስር ገብቶ ግማሹ ምንጣፉ ውስጥ ተሸጉጧል። ውሃ ሊቋረጥ ነው የሚል ማስታወቂያ መሰላትና መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ገለጠችው። የጻፈው ሰው ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ እስክሪብቶውን ተጭኖታል።

«ልጅሽን ከጎሉ አንሺ። ሜዳው የወንዶች ነበር፣ የወንዶች ይሆናል። እምቢ ካልሽ ደሟን ስታዪ እንዳታለቅሺ።»

በሩን ከፍታ መንገዱን ቃኘች። አንዲት ሴት ባልዲ ተሸክማ ታልፋለች። ከማዶ ባለሱቁ የቆርቆሮ መስኮቱን እየከፈተ ነው። ሌላ ሰው የለም። ባለሱቁ እንደ ወትሮው እጁን አንስቶ ሰላም አላት፤ እሷም እጇን አነሳች። «እሱ ይሆን እንዴ?» ብላ አሰበች። ስምንት ዓመት ሙሉ ስኳርና ሳሙና የሸጠላትን ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጠርጠሯ ራሱ አስፈራት። በሩን ዘግታ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችና ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ልብስ ሰፊ ናት። ፈሪ መሆኗን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ እሷም አትክድም። ባሏ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ልጇ አምስት ደቂቃ ከዘገየች ደጅ ወጥታ ትቆማለች። ጎረቤቶቿ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እያሉ ይስቁባታል። እሷም ብትሆን ትቀልዳለች፦ «ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እናትየዋ ራሷ ፈሪ ከሆነችስ ለማን ትሁን?» ብላ አንዴ የሥራ ባልደረቦቿን በሳቅ አፍርሳቸዋለች።

እንዲህ የምትፈራላት ልጅ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሜዳ ላይ «ሙጫ» ይሏታል፤ በረኛ ናት፣ ኳስ አንዴ እጇ ላይ ካረፈች አትላቀቅም። ቤት ውስጥ ግን ሳህን ከእጇ እያመለጠ ሲሰበር እናቷ «ዛሬ ሙጫሽ ደርቋል መሰለኝ» ትላታለች።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሜዳው ነው። ከተማዋ ሣር ያለው ሜዳ አንድ ብቻ አላት። ሴቶቹ ልጆች ሦስት ዓመት ሙሉ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ ጠጠር የበዛበት ገላጣ ላይ ነበር የሚጫወቱት። ሙጫ ክርኗና ጉልበቷ ላይ ቅርፊት አጥታ አታውቅም። የስፖርት መምህራቸው፣ ድምፀ ጎርናና ቀጭን ሴት፣ ማመልከቻ ይዛ ማዘጋጃ ቤቱን ሁለት ዓመት ተመላለሰችበት። መጨረሻ ላይ የኃላፊው ጸሐፊ ከሩቅ ስታያት ብድግ ብላ የምትሸሽበት ደረጃ ተደረሰ። እንዲያ ወትውታ ውሳኔ አስወጣች፦ ማክሰኞና ሐሙስ ከአስር እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ሜዳው የሴቶቹ ነው፤ ቅዳሜ ውድድር ካላቸውም ቅድሚያ ያገኛሉ። ሰዓቱን ካልተጠቀሙበት ግን ይመለሳል።

የወንዶቹ ቡድን ደጋፊዎች ሰማይ የተደፋባቸው ያህል ጮኹ። አምስት ቀን ከሁለት ቀን እንደሚበልጥ ሊያስረዳቸው የቻለ የሒሳብ መምህር አልተገኘም።

የደጋፊዎቹ ሊቀመንበር ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም ነው። በአስር ዓመት ይበልጣታል። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ባሏ ሲሞትም የሚያፈሰውን ጣሪያዋን ወጥቶ የደፈነላት እሱ ነው። ብረት ቤት አለው፤ በከተማዋ ያለችው አንዲት ቶርኖ፣ ብረት የምትልጥ ማሽን፣ የእሱ ናት። ውሳኔው የወጣ ሰሞን ሻይ እየጠጣ «ልጃችን ትጫወት፣ አልጠላም። ግን የሰው ሰዓት ነክታ አይደለም» ብሏት ነበር። እሷም እንደ ልማዷ «እሺ ጋሼ» አለች።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ሙጫ የጫማዋን ማሰሪያ ስታጠብቅ እናቷ በሩ ላይ ቆመች።

«ዛሬ ልምምድ ቢቀርብሽስ?»

«ለምን?»

«አሞኛል።»

ሙጫ ተነስታ የእናቷን ግንባር ዳሰሰች። «ትኩሳት የለሽም እኮ፣ እማዬ።»

«ውስጤን ነው።»

«ውስጥሽን የሚያምሽ ሁልጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ ነው» አለችና ጉንጯን ስማት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

ወረቀቱን ብታሳያት ልጅቷ ትስቃለች፤ ካልሳቀች ደግሞ ትፈራለች። የቱ እንደሚብስ አላወቀችም። ስለዚህ ሳታሳያት ቀረች።

የምትሠራበት ስፌት ቤት አስራ ሁለት መኪናዎች አሉት። የዚያን ሳምንት ሥራ የሐኪም ቤት ጋውን ነበር። ዓይኗ በየደቂቃው ወደ ሰዓቱ እየሄደ ስፌቱ እባብ እባብ ሠራ። የክፍሉ ኃላፊ ጨርቅ የምትቆርጠው ሴትዮ ናት፤ «ቆራጯ» ይሏታል፣ ቆራጥም ስለሆነች ስሙ ለሁለቱም ያገለግላል። ቆራጯ ጋውኑን ከፍ አድርጋ በብርሃን አየችው።

«ይሄ እጅጌ ነው ወይስ የወንዝ ካርታ?»

«ይቅርታ፣ እፈታዋለሁ።»

«ምን ሆነሻል አንቺ? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ልጄ... ሜዳ ሄጄ ልያት። ዛሬ ብቻ።»

ቆራጯ አንድ አፍታ አየቻት። ምክንያት አልጠየቀችም። «ዘጠኝ ተኩል ላይ ውጪ። ጋውኑን ግን ነገ ትፈቺዋለሽ» አለች።

ስትወጣ ተቻኩላ ሽርጧን ማውለቅ ረሳች። እንደዚያው ለብሳው ሜዳው ደረሰች።

ልምምዱ ተጀምሯል። በሲሚንቶው ደረጃ ላይ አስራ አምስት ያህል ወንዶች ተቀምጠው ሱፍ ይፈለፍላሉ። ሌላ ጊዜ ይጮሁ፣ ያፏጩ፣ «ወደ ጓዳ!» ይሉ ነበር። ዛሬ ዝም ብለዋል። ዝምታቸው ከጩኸታቸው ይልቅ አስፈራት፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ወንድሟን በዓይኗ ፈለገች፣ የለም። አለመኖሩ አጽናናት። በኋላ ላይ ያን መጽናናቷን ስታስታውስ በራሷ ላይ ትናደዳለች።

መምህሯ ኳሷን አስቀምጣ ወደ ጎሉ ቀኝ ጥግ ዝቅ አድርጋ መታች። ሙጫ ተወርውራ ያዘቻት። እንደያዘቻት መሬት ላይ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ኳሷን ለቀቀች፣ የግራ ክንዷን ገልብጣ አየችው። ነጩ ጓንት ከእጅ አንጓው ጀምሮ ቀይ እየሆነ ነበር።

እናትየዋ ሮጠች። አጥሩን እንዴት እንደተሻገረች እስከ ዛሬ አታውቅም። ስትደርስ መምህሯ የአንገቷን ልብስ ፈትታ የሙጫን ክንድ እያሰረች ነበር።

«ምንድነው? ጠርሙስ ነው?»

«አላውቅም። ማንም እንዳይንቀሳቀስ! ሁላችሁም ባላችሁበት ቁሙ!» ስትል መምህሯ ጮኸች። ሴቶቹ ልጆች ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

እናትየዋ ተንበረከከች። ሣሩ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ። እጇ ሳታዘው ሽርጧ ኪስ ገብቶ ማግኔቱን አወጣ፤ መሬት የወደቀ ስፒልና መርፌ የምትለቅምበት፣ የአውራ ጣት ያህል ማግኔት ነው። ሣሩ ላይ ስትጎትተው ቀጫጭን፣ የተጠማዘዙ፣ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ የሰላ የብረት ፍቅፋቂዎች ጺም መስለው ተንጠለጠሉበት። እንደገና ጎተተችው፤ እንደገና ሞላ። ከላይ ከደረጃው አንድ ሰው ሳቀ። ሌሎቹ አልሳቁም። ትንሽ ቆይተው አንድ በአንድ እየተነሱ ወጡ፤ አንዳቸውም ወደ ኋላ አልዞረም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሱ ቁስሉን ሲሰፋ እናትየዋ ዓይኗን አልመለሰችም። ሰባት ስፌት ነው። በሥራ ልማድ «ይሄኛው ትንሽ ራቀ» ብላ አሰበችና በራሷ ደነገጠች። ሙጫ ጥርሷን ነክሳ ቆይታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«ለመጪው ሳምንት ቅዳሜ ይድናል?»

የዚያን ቅዳሜ ከጎረቤት ከተማ ሴቶች ጋር የመጀመሪያ ጨዋታቸው ነበር፤ ሣር ላይ፣ በዳኛ፣ በመረብ።

«አስራ አንድ ቀን ነው» አለ ነርሱ። «ስፌቱ ይፈታል። ግን ክንድሽ መሬት እንዳይመታ።»

«በረኛ ነኝ እኮ» አለችው ሙጫ። ነርሱ በፋሻው ላይ ሌላ ፋሻ ደረበ።

ልጅቷ መድኃኒት ስትቀበል እናትየዋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ መዳፏን ከፈተች። ከፍቅፋቂዎቹ አንዱን ይዛው ነበር። ዳሩ ሰማያዊ ነው፣ ብረት ሲላጥ ግሎ እንደሚያወጣው ቀለም። ልጅ ሳለች እንዲህ ያለውን ፍቅፋቂ በየቀኑ ከወንድሟ ብረት ቤት ወለል ላይ ትጠርግ ነበር። ወረቀቱን ከደረቷ አወጣች። ጥጉ ላይ የግራሶ፣ የማሽን ቅባት፣ አሻራ አለ፣ ጠዋት ከድንጋጤዋ የተነሳ አላየችውም። ከዚያ «ሺ» የሚለውን ፊደል አየች። የ«ሺ»ን ቀኝ እግር ወደ ውስጥ ቆልምሞ የሚጽፍ ሰው ሁለት ብቻ ታውቃለች፤ አንዷ ራሷ ናት። ሌላው ፊደል ያስቆጠራት ሰው ነው።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እሷ ግን በዕድሜዋ ሁሉ ስትፈራ ኖራ ይሄን ፈርታ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ብረት ቤቱ ሄደች። ቶርኖዋ እየጮኸች ነው፤ ወንድሟ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ አንድ ዘንግ ይልጣል። ከቢላው ስር ሰማያዊው ፍቅፋቂ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሲያያት ማሽኑን አጠፋ።

ወረቀቱን ዘርግታ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችለት። «ጋሼ፣ ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?»

አላነበበውም። «እንዴት ናት?» አለ።

«ሰባት ስፌት።»

የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። ግራሶ የጠገቡ እጆቹን በጨርቅ ጠረጋቸው፣ ደግሞ ጠረጋቸው።

«እኔ አልበተንኩም። በእናታችን አጽም፣ እኔ አልበተንኩም።»

«ማን በተነው ታዲያ?»

«ደጋፊዎቹ የፍቅፋቂውን ጆንያ ሲወስዱ ለመንገዱ ጭቃ መደልደያ ነው አሉኝ። ምን ሊያደርጉበት እንዳሰቡ የሰማሁት ሰኞ ማታ ነው። ያኔ ጻፍኩልሽ። አንቺ ፈሪ ነሽ፣ ስታዪው ልጅቷን ታስቀሪያታለሽ ብዬ። ላድናት ነው!»

«ሌሎቹስ ልጆች? አስራ ሰባት ናቸው እኮ።»

ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው።

«ለምን በሬን አንኳኩተህ አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ መምህሯ ጋ ትሮጫለሽ። ከዚያ ማን ነገራት ሊባል ነው። እነዚያን ሰዎች አታውቂያቸውም።» ድምፁ ወረደ። «እኔም እፈራለሁ። የምትፈሪው አንቺ ብቻ መሰለሽ?»

እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። ልጅ ሳለች ውሻ ሲያባርራት የምትሸሸው ከእሱ ጀርባ ነበር። አሁን ያ ጀርባ ጀሪካን ላይ ጎብጦ ተቀምጧል። አለቀሰች፤ ለእሱ ይሁን ለራሷ አላወቀችም።

«ስማቸውን ንገረኝ።»

«አልችልም። እግሬን ይሰብሩኛል። ቤቱን ያቃጥሉብኛል።»

«እንግዲያው ለማዘጋጃ ቤቱ የአንተን ስም እሰጣለሁ።»

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት፤ ፈገግ ሊልም ቃጣው። «አታደርጊውም። አውቅሻለሁ።»

ወጣች። መንገዱን ግማሽ እስክትሄድ ድረስ እሱ እውነቱን ነበር፤ አታደርገውም ነበር። ዝም አይነቅዝም ብላ ቤቷ ልትገባ ነበር። ግን «አውቅሻለሁ» ያለው ቃል ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር አላስኬዳት አለ። ያን ወረቀት ሲጽፍ የተማመነው በእሷ ፍርሃት ነው። ጆንያውን የወሰዱትም እንደዚያው ነው የተማመኑት፤ በእሷ ብቻ ሳይሆን በእናቶቹ ሁሉ ፍርሃት። ሴቶቹን ልጆች ከሜዳ ማባረር አያስፈልጋቸውም፤ እናቶቻቸው ራሳቸው እጃቸውን ይዘው ያስወጡላቸዋል።

መምህሯን ከክፍል አስጠርታ ሁሉንም ነገረቻት። አብረው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ወፍራም፣ ትሁት ሰው ነው። አቤቱታውን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ወንድምሽን ነው እኮ የጻፍሽው።»

«አዎ፣ ወንድሜን።»

«በቤተሰብ መካከል ብትነጋገሩበት አይሻልም? ሽማግሌ ቢገባበት...»

«ጌታዬ፣ ሰባት ስፌት ነው» አለች። «ጆንያውን ማን እንደወሰደ እሱ ያውቃል። እሱን ጠይቁት።»

ፈረመች። ፊርማዋ ሲያዩት የሌላ ሰው ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በሕይወቷ ውስጥ እንደ አንድ ረጅም ቀን ነው የምታስታውሳቸው። ሐሙስ በቀትር ቆርቆሮ ጣሪያዋ ላይ ድንጋይ ወረደ። አርብም ወረደ። የወንድሟ ሚስት መንገድ ላይ አግኝታት ፊቷን አዞረች። ሰኞ ጠዋት ባለሱቁ ሳሙና ሲያቀብላት ጎንበስ ብሎ «ሁለት ሰዎች ልጅሽ በየት በኩል ወደ ትምህርት ቤት እንደምትሄድ ሲጠይቁ ነበር» አላት። «አላውቅም አልኳቸው።» እንዲያ የጠረጠረችው ሰው ነው። ልታመሰግነው ፈልጋ ሳሙናውን ብቻ ተቀበለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጇን ጠዋት ታደርሳለች፣ ከሰዓት ትመልሳለች፤ መንገዱን በየቀኑ ትቀይራለች። ሙጫ መጀመሪያ ተነጫነጨች፣ በኋላ የእናቷን እጅ ያዘች። አስራ ስድስት ዓመት ሞልቷት እጅ መያዟ እናትየዋን የባሰ አስፈራት።

ረቡዕ መምህሯ ስፌት ቤቱ ድረስ መጣች። ዓይኗ ስር ጠቁሯል።

«አንድ ፖሊስ እንመድባለን ብለዋል፤ አንድ። ሜዳውን አስጠርጌዋለሁ፣ ግን ያ ነገር በመጥረጊያ አይወጣም፤ ሣሩ ውስጥ ይጠፋል። ንጹህ መሆኑን ካላረጋገጥኩ ልጆቹን አላስገባም። ጨዋታው ከተሰረዘ ደግሞ ሰዓቱን ይወስዱታል። ያ ነው የፈለጉትም።»

መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ ታሻሻለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ክር ስትበጥስ የምትውል ሴት ግን ድር እንዴት በቀላሉ እንደሚበጠስ ታውቃለች። ቢሆንም አለችው፣ በትንሽ ድምፅ፦

«አስራ ሁለት ማግኔት አለን።»

«ምን አልሽ?» አለች ቆራጯ።

«የስፒል ማግኔት። እያንዳንዳችን አለን። ቅዳሜ ጠዋት ከጨዋታው በፊት... ጎን ለጎን ሆነን በጉልበት ብንሄድ...»

አንዷ «ባሌ ደጋፊ ነው» አለች። ሌላዋ «የእኔም» አለች። ቆራጯ መቀሷን አስቀመጠች።

«የእኔ ባል እንኳ ደጋፊ አይደለም፤ ሶፋው ላይ ነው የሚውለው» አለች። «እኔ እመጣለሁ። የማትመጣ ማግኔቷን ታውሰን።»

ቅዳሜ ከአስራ ሁለቱ ዘጠኙ መጡ። ያልመጡት ሦስቱ ማግኔታቸውን ላኩ። ደረጃው ላይ ከሰባ የማያንሱ ወንዶች ነበሩ። ፖሊሱ ከበሩ አጠገብ ጥላ ስር ቆሟል። ከጎረቤት ከተማ የመጡት ልጆች አውቶቡሳቸው ውስጥ ሆነው በመስኮት ያያሉ።

ሴቶቹ ከጎሉ መስመር ተነስተው በአንድ ረድፍ ተንበረከኩ። ልብስ ሰፊዋ መካከል ላይ ናት። ማግኔቱን በሣሩ ውስጥ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት። ጠዋት የዘነበው ዝናብ ቀሚሷን አረጠበው። ከላይ ፉጨት ተጀመረ፣ ከዚያ የሱፍ ልጣጭ ጀርባቸው ላይ ዘነበ። ቀና አላለችም። ቀና ብትል ተነስታ እንደምትሮጥ ታውቃለች። ከጎኗ የቆራጯ ትንፋሽ ይሰማታል። በየጥቂት ክንዱ አንድ ፍቅፋቂ ይወጣል፤ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጥለው ይቀጥላሉ።

የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ ጋ ሲደርሱ ልብስ ሰፊዋ ፊት አንድ ጥቁር የወንድ ጫማ ቆመ። ሰውየው አጥሩን ዘሎ ወርዷል። በዚያ ማክሰኞ የሳቀው እሱ መሆኑን በድምፁ አወቀችው።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«ስፒል» አለች ቆራጯ ሳታየው።

ደረጃው ላይ አንዳንዶች ሳቁ። ሰውየው አልሳቀም፣ አልተንቀሳቀሰምም። ፖሊሱ ሩቅ ነው። ሰውየው እግሩን ቢያነሳ የልብስ ሰፊዋን ፊት ሊመታ ይችላል፤ ርቀቱ ስንዝር አይሞላም።

«እግርህን አንሳልኝ» አለች። ድምፅዋ እንደ ክር የቀጠነ ነበር።

«ባላነሳስ?»

ያላት ማግኔቱ ብቻ ነው። የጫማውን ዳር ተከትላ ጎተተችው። ቀጭ አለ። አነሳችው፤ የጣት ርዝመት ያለው ሰማያዊ ፍቅፋቂ ተንጠልጥሏል። ወደ ላይ ዘርግታ አሳየችው፣ ሰባ ሰውም አየው።

«ከእግርህ ስር ነው የወጣው» አለችው።

ፉጨቱ ቆመ። ከደረጃው አንድ ሽማግሌ «ልቀቅላቸው እንጂ፣ ሰውዬ! ልጆች ናቸው እኮ!» ብሎ ጮኸ። ሌላም ደገመ። ሰውየው ዙሪያውን አየ፣ እግሩን አነሳ፣ ወደ አጥሩ ሄደ። እሷ መነሳት አቅቷት እዚያው ተንበርክካ ቆየች። ከዚያ ወደ ፊት ቀጠለች፤ የቀረ ቦታ ነበረና።

ጨዋታው አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ። ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። የመጀመሪያው ጎል የሙጫ ጥፋት ነው፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ጥግ ስትመጣ ልጅቷ ሣሩን አይታ አንድ አፍታ አመነታች፣ አልተወረወረችም። እናትየዋ ያን አፍታ አየች፣ ምን እንደሆነም አወቀች። ፍርሃቷን ያወረሰቻት መሰላት። ከእረፍት በኋላ ግን በዚያው ጥግ ሌላ ኳስ መጣ። ሙጫ ተወረወረች፣ ጠባሳ ባለው ክንዷ መሬት ላይ ተንሸራተተች፣ ኳሷን አቅፋ ተነሳች። ክንዷን ገልብጣ አየችው። ደም የለም። ወደ እናቷ ዞራ ክንዷን ከፍ አድርጋ አሳየቻት።

ወንድሟ ሜዳው አልመጣም። ማዘጋጃ ቤት ሁለት ጊዜ ተጠርቶ «አላውቅም» አለ። በሦስተኛው ጥሪ ሁለት ስም ተናገረ። ሁለቱ ሰዎች ለአንድ ዓመት ሜዳው ውስጥ እንዳይገቡ ታገዱ፤ ደጋፊዎቹም ሊቀመንበራቸውን አወረዱት። የብረት ቤቱ መስኮት ተሰበረ። እግሩን ግን ማንም አልነካውም። ማክሰኞና ሐሙስ የሴቶቹ ሆኖ ቀረ፤ በኋላ ትንንሾቹም መጥተው ቡድኑ ሁለት ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ፍርሃቷ ለቀቃት ብል ዋሸሁ። ዛሬም ስልክ ሲጮኽ ትደነግጣለች፤ ዛሬም ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ጎሉ ፊት ሄዳ ሣሩን በማግኔት ትፈትሻለች፣ ምንም ሳታገኝ።

ከአምስት ወር በኋላ አንድ ሐሙስ አጥሩ ጋ ቆማ ሳለ ከጎኗ ግራሶ ሸተታት። ሳትዞር አወቀችው። ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል። አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«በየትኛው ጎል ናት?» አለ።

ልትሄድ አሰበች። ሰባቱን ስፌት አሰበች። እሱ የደፈነላትን ጣሪያዋንም አሰበች።

«በዚህኛው» አለችው።

መምህሯ ኳሷን አስቀምጣ ወደ ቀኝ ጥግ ዝቅ አድርጋ መታች። ሙጫ ስትወረወር እህትና ወንድም እኩል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኳሷ የት እንደደረሰች ያወቁት «ሙጫ!» ከሚለው የልጆቹ ጩኸት ነው።